ልጄ ፓምፑን ካሰረ ስምንት ወር ሆነው

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ዓይነት 1 ስኳር የያዘው በ7 ዓመቱ ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ እናቶች ቀን ከሌሊት ኢንሱሊን ስለሚሰጠው ፓምፕ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ያየሁትን ልጻፍላችሁ። የእሱ ታንደም ቲ-ስሊም ኤክስ 2 ነው፣ ስኳሩን ከቆዳው ሥር ከሚለካው ከዴክስኮም ጂ 6 ሴንሰር ጋር።

ከሁሉ በፊት ሌሊቱ። አራት ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እየተነሣሁ ስኳሩን ለመለካት ጣቱን ወግቻለሁ። ወርዶ 58 (ሚ.ግ/ዴ.ሊ) ሆኖ ሳገኘው በእንቅልፍ ልቡ ጭማቂ አጠጣዋለሁ፤ ከዚያ እስኪነጋ ዓይኔ አይከደንም። አሁን ሴንሰሩ በየ5 ደቂቃው ቁጥሩን ለፓምፑ ይልካል። ፓምፑ ውስጥ ያለው ኮንትሮል-አይኪው የሚባለው ፕሮግራም ስኳሩ ከ30 ደቂቃ በኋላ የት እንደሚደርስ ይገምታል፤ ከ70 በታች ሊወርድ ከሆነ ኢንሱሊኑን ያቆማል፣ ሊወጣ ከሆነ ይጨምራል። ለእንቅልፍ ሰዓት ደግሞ ከ112.5 እስከ 120 መሃል ለማቆየት ይሠራል። አንድ ጠዋት የሌሊቱን መስመር ሜዳ መስሎ ተዘርግቶ ሳየው አለቀስኩ።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ከ6 እስከ 13 ዓመት የሆናቸውን 101 ልጆች ለ16 ሳምንት ተከታትሎ ነበር። ይህን ፓምፕ የያዙት ልጆች ስኳራቸው ከ70 እስከ 180 የሚቆይበት ጊዜ ከ53 ወደ 67 በመቶ አድጓል። የእኛም ቤት ነገር ከዚህ አይርቅም።

እንዲህ ያለው ፓምፕ ሰው ሠራሽ ቆሽት ሲባል ግን ምሳውንም ራሱ የሚያውቅ እንዳይመስላችሁ። ከመብላቱ በፊት የምግቡን ካርቦሃይድሬት ቆጥሮ ፓምፑ ላይ መጻፍ የእኛ ሥራ ነው፣ እንጀራ ላይ ደግሞ ቁጥር አልተጻፈም። ሚዛን ገዛሁ። የምንገዛውን እንጀራ ሙሉውን፣ ግማሹን፣ ሩቡን እየመዘንኩ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሩን እያየሁ የራሳችንን ቁጥር ለማግኘት አንድ ወር ፈጀብኝ። ድርሻውን ከትሪው ለብቻ አወጣለታለሁ።

አያቱ ስትመጣ ግን ጉርሻ አለ። እሷን እንዴት ብዬ ልከልክላት? እዚህ ላይ ፓምፑን በጣም ወደድኩት፤ ከ180 ሊያልፍ ነው ብሎ ሲገምት በሰዓት ቢበዛ አንድ ጊዜ፣ ከሚያስፈልገው የማስተካከያ ኢንሱሊን 60 በመቶውን ራሱ ይሰጣል። ጉርሻው ይጎረሳል፣ ስኳሩም ቀስ እያለ ይመለሳል።

አንድ ነገር አደራ፦ ፓምፑ ውስጥ ያለው ቶሎ ሠርቶ ቶሎ የሚያልቅ ፈጣን ኢንሱሊን ብቻ ነው። ቱቦው ከታጠፈ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኬቶን (ኢንሱሊን ሲጎድል ደም ውስጥ የሚከማች አደገኛ አሲድ) ሊመጣ ይችላል። የኢንሱሊን ፔንና የኬቶን መለኪያ ከቦርሳዬ አይወጡም፣ ትምህርት ቤቱም ሌላ አስቀምጫለሁ።