ፋይሉን ማየት ላስተማሩን መምህር ምስጋና፤ መቁረጫ ማሽን ለገዛችሁ ሁሉ ጥቆማ

ስቲከር፣ ቪኒል ወይም ወፍራም ወረቀት የሚቆርጥ ማሽን ገዝታችሁ ሶፍትዌሩ ላይ የቆማችሁ ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው። አንድ መምህር አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አልጽፈውም፤ የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ አገናኘዋለሁ። ዲዛይን ስፔስ (የክሪከት ማሽኖች ሶፍትዌር)፣ ሲልዌት ስቱዲዮ (የሲልዌት ማሽኖች) እና ኢንክስኬፕ (የዲዛይን መሳያ ሶፍትዌር) ያስተምራሉ። ተማሪው ባይጠይቃቸውም ኢንክስኬፕን ይጨምሩበታል። ነጻ ነው፣ ብዙ ማሽኖች የሚቀበሉትን ኤስቪጂ ፋይል ያወጣል፣ ነገ ማሽን ብትቀይሩም የተማራችሁት አብሯችሁ ይሄዳል።

ሌላ ቦታ ያለውን ሥልጠና የቀመሰ ሰው ለምን እንዲህ እንደማመሰግናቸው ይገባዋል። ክፍያው በቅድሚያ ነው። አሠልጣኙ ትልቁ ስክሪን ላይ ቶሎ ቶሎ ይጫናል፣ ተማሪው «ይሄን ተጫኑ፣ ቀጥሎ ይሄን» የሚለውን ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። ሶፍትዌሩ ታድሶ አዝራሩ ቦታ ሲቀይር ያ ሁሉ ማስታወሻ ከንቱ ይሆናል። ልምምዱም አሠልጣኙ አስቀድሞ ባጸዳው ፋይል ላይ ስለሆነ እዚያ ሁሉም ነገር ያምራል። ጉዱ የሚታየው ተማሪው የራሱን ፋይል ይዞ ሲመጣ ነው። «ምላጩ ደንዟል፣ ቀይሪው» ይላል አሠልጣኙ። አዲስ ምላጭ ይገዛል፤ ለውጥ የለም። «እንግዲያው ማቱ ማጣበቅ ትቷል።» ማትም፣ ማለትም ቪኒሉ ሲቆረጥ የሚለጠፍበት ሰሌዳ፣ ይገዛል። በመጨረሻ «ማሽንሽ ደካማ ነው፣ የተሻለ አለን» ይመጣል። ምላጩንም ማቱንም ማሽኑንም የሚሸጠው ያው ሰው ነው! ፋይሉን ከፍቶ ያየ ግን የለም። አንዳንዱ ደግሞ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ጭኖ ይሸኛል፤ ሶፍትዌሩ አልከፍት ሲል ስልክ አያነሳም።

እኚህ መምህር ዘንድ ማሽኑ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። አንዲት እህት የአበባ ዲዛይን ይዛ መጣች፤ በእስክሪብቶ ተስሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በትሬስ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ራሱ ፎቶውን እየተከተለ በሚስልበት ዘዴ፣ ወደ ቬክተር (ማሽኑ ሊከተለው ወደሚችል መስመር) የተቀየረ። ማሽኑ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ እየቆረጠ ቪኒሉን ይተለትለዋል። ሌላ ቦታ ምላጭ ቀይሪ ተብላ ነበር። መምህሩ ፋይሉን በኢንክስኬፕ አስከፈቷትና ቪው ከሚለው ሜኑ፣ ዲስፕሌይ ሞድ ውስጥ፣ አውትላይንን አስመረጧት። ቀለሙ ሁሉ ጠፍቶ ባዶ መስመር ቀረ። «እስቲ አንዱን ቅጠል አጉልተሽ እዪው። ጠርዙ ላይ ስንት መስመር አለ?» ሁለት ነበር። ምክንያቱን አልነገሯትም፤ ዝም ብለው ጠበቁ፣ ራሷ ደረሰችበት። ከዚያ በኋላ ነው፦ «ልጄ፣ ምላጭ እንደ በሬ ነው፤ በመሩት ትልም ይሄዳል። ትልሙ ከጠመመ በሬውን መምታት ምን ያደርጋል?» ያሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሬስ የእስክሪብቶን መስመር እንደ መስመር አያየውም፤ ቀጭን ጥቁር ቅርጽ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ቅርጽ ደግሞ ውስጥም ውጭም ጠርዝ አለው። ማሽኑ ተከትሎ የሚቆርጠው ጠርዙን ነው። ስለዚህ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስመር ግራና ቀኙ ይቆረጥና መሐሉ ላይ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ቁራጭ ይቀራል፤ እሱ ነው ከምላጩ ጋር እየተነሳ የሚቀደደው። የአበባው ሙሉ ቅርጽ ከተፈለገ ፓዝ ከሚለው ሜኑ ብሬክ አፓርትን፣ ማለትም ኮንትሮል ሺፍት ኬን ተጭኖ መበተንና የውስጠኛውን ጠርዝ መርጦ ማጥፋት ነው። ነጠላ መስመር ከተፈለገ፣ ለምሳሌ ማሽኑ በእስክሪብቶ እንዲስል፣ ትሬስ ቢትማፕ ውስጥ ሴንተርላይን የሚለው አለ፤ ከኢንክስኬፕ 1.0 ጀምሮ ገብቷል።

የዚያች እህት ፋይል ሌላም ጣጣ ነበረበት። ቅርጹ ሲመረጥ ታች ያለው የሁኔታ መስመር የኖዱን፣ ማለትም መስመሩን የሚይዙትን ነጥቦች፣ ብዛት ያሳያል፤ ከአንድ ሺህ በላይ ነበር። ለክብ 4 ኖድ ይበቃል። ደብዛዛ ፎቶ ትሬስ ሲደረግ ግን እያንዳንዷ የፒክስል ጥርስ ኖድ ትሆናለች፤ ማሽኑ በየኖዱ እየተንገጫገጨ ኩርባውን መጋዝ የበላው ያስመስለዋል። ኖዱን የሚቀንሰውን ሲምፕሊፋይ፣ ኮንትሮል ኤል፣ አንድ ጊዜ ይጫኑና ያዩታል። በተከታታይ ቶሎ ቶሎ ከተጫኑት ግን ኃይሉ እየጨመረ ስለሚሄድ ቅርጹ ይሟሟል፤ ሹል ቅጠል ድቡልቡል ይሆናል። ከኖድ ጀርባ ያለውን የኩርባ ሂሳብ ለሚወድ መምህሩ በደስታ ይተነትኑለታል። ለመቁረጥ አያስፈልግም፣ ዝለሉት።

በዚህ ሁሉ መሐል ማውሱን ከእጇ አልወሰዱም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ትንሽ አይደለም። ሌላው «ቆይ እኔ ላሳይሽ» ብሎ ማውሱን ይቀማና ጠቅ ጠቅ አድርጎ «ይኸው» ይላል፤ ተማሪው ያየው የሚሮጥ ቀስት ብቻ ነው። እርሳቸው ስትሳሳትም እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቋት። ሲስተካከል ደግሞ ያንኑ ፋይል ሆን ብለው መልሰው አበላሽተው «አሁን ብቻሽን አድኚው» አሏት። ለዚያ ሰዓት ያስከፈሏት ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ሰው እድሜና ጤና ይስጥልን ከማለት ሌላ ምን ይባላል!

መጠን ላይ ያላቸው ዘዴ ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። አንዱ ሶፍትዌር ውስጥ 10 ሴንቲሜትር የነበረ ዲዛይን ሌላው ውስጥ 7.5 ሆኖ ይከፈታል። ኤስቪጂው ላይ መጠኑ በፒክስል ብቻ ከተጻፈ፣ አንድ ኢንች ስንት ፒክስል እንደሆነ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱን ይወስዳል፤ አንዱ 72፣ ሌላው 96። 72 ለ96 ሲካፈል 0.75 ነው፣ ምሥጢሩ ያ ነው። ከ0.92 በፊት የነበሩት የኢንክስኬፕ እትሞች 90 ይጠቀሙ ስለነበር፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ ፋይል 10 ሴንቲሜትሩ ወደ 9.4 ሊወርድ ይችላል። ዲኤክስኤፍ የሚባለው ሌላው የፋይል ዓይነት ይብሳል፦ ሚሊሜትሩን ኢንች ብሎ ካነበበው ዲዛይኑ 25.4 እጥፍ ይገዝፋል፣ በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ነጥብ አክሎ ጥግ ላይ ይደበቃል።

ይህን ሁሉ በቃል አያስጠኑም። በየፋይሉ ጥግ ላይ ልክ 5 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ ታስቀምጣላችሁ፤ መቁረጫው ሶፍትዌር ውስጥ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትለኩት ካሬውን ነው። 3.75 ካለ 72 እና 96 ተጋጭተዋል፤ የቁመትና የወርዱን መቆለፊያ ዘግታችሁ ሁሉንም በአንድነት በ133.33 በመቶ ታሳድጋላችሁ። ካሬው 5 ሲሆን ዲዛይኑም ልኩ ላይ ነው። ካሬውን አጥፍታችሁ ትቀጥላላችሁ። ካላጠፋችሁት ይቆረጣል፣ እሱን እንኳ ሳይረሱ ያስታውሷችኋል። የማቱንም ልክ እንዲሁ፦ በ12 ኢንች ማት ላይ ዲዛይን ስፔስ የሚቆርጠው እስከ 11.5 ኢንች፣ ማለትም 29.2 ሴንቲሜትር ነው። ጠርዝ እስከ ጠርዝ የሠራ ሰው ቪኒል ካስቀመጠ በኋላ ነው የሚደነግጠው።

የግእዝ ፊደል ለሚቆርጥ ሰው የእርሳቸውን ያህል የሚያውቅ አላየሁም። በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም በኒያላ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወይ ሌላ ፎንት ይተካዋል፣ ወይ ሳጥን በሳጥን ይሆናል። መድኃኒቱ ከመላክ በፊት ኦብጀክት ቱ ፓዝ፣ ኮንትሮል ሺፍት ሲ ነው። ከዚያ በኋላ ፊደሉ ቅርጽ እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ ስሕተት አይታረምበትም፤ የመጀመሪያውን ቅጂ ለብቻው ማስቀመጥ ግድ ነው።

ስቴንስል (ቀለም የሚቀባበት የተቆረጠ ወረቀት) ላይ ደግሞ የ«ወ»፣ የ«መ»፣ የ«ዐ»፣ የ«ቀ» እና የ«ፀ» ዓይን፣ ማለትም የውስጡ ባዶ ቦታ፣ ዙሪያውን ስለተከበበ ሲቆረጥ ወድቆ ይቀራል፤ «ዐ» ባዶ ክብ ቀዳዳ ይሆናል። ፊደሉን ወደ ፓዝ ቀይሮ፣ ግሩፑን ፈትቶ፣ ዓይኑን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን አራት ማዕዘን መሳል፤ ከዚያ አራት ማዕዘኑን ከላይ አድርጎ ሁለቱን መምረጥና ፓዝ ውስጥ ዲፈረንስን መጫን ነው። በዚህ መንገድ ሳይቆረጥ ቀርቶ ዓይኑን የሚይዘው ድልድይ ለወፍራም ወረቀት ከ2 ሚሊሜትር እንዳያንስ ይላሉ፤ ካነሰ ቀለም በተቀባ ቁጥር ይረጥብና ይበጠሳል። የ«ወ»፣ የ«ቀ» እና የ«ፀ» ዓይን ለሁለት ስለተከፈለ አንድ ድልድይ አይበቃም፤ ለሁለቱም ክፍል ነው የሚሠራው። «መ»ም እንዲሁ። ለስቲከር ድልድይ አያስፈልግም፤ እዚያ የሚያስቸግረው የ«ሌ»ና የ«ቤ» ቀለበት ነው። ጽሑፉ ሲያንስ ትርፉን ቪኒል ስትነቅሉ መጀመሪያ አብሮ የሚነሳው እሱ ነው። አውትሴት የሚባለው የኢንክስኬፕ ትእዛዝ ፊደሉን ያወፍረዋል፣ የዓይኑን ቀዳዳ ግን ያጠበዋል። ስለዚህ ትንሽ ጽሑፍ ሲሆን ከመነሻው ወፈር ያለ ፎንት መምረጥ ይሻላል።

ግሩፕ፣ አታች እና ዌልድ የሚባሉትን ሦስቱን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ ዲዛይን ስፔስ ላይ ግሩፕ ስክሪን ላይ አብሮ ከማንቀሳቀስ ያለፈ ሥራ የለውም። ወደ መቁረጥ ሲገባ ሶፍትዌሩ ቪኒል ለመቆጠብ ብሎ ፊደሎቹን እንደፈለገው ይደረድራቸዋል፣ ስማችሁ ተበታትኖ ይወጣል። ባስቀመጣችሁበት ቦታ የሚያቆመው አታች ነው። የካርድ መታጠፊያ መስመርም ከካርዱ ጋር አታች መደረግ አለበት፣ አለዚያ ለብቻው ሌላ ቦታ ይወጣል። ዌልድ ደግሞ የተደራረቡ ቅርጾችን አንድ አድርጎ የውስጡን መስመር ያጠፋል፤ ተያይዘው የሚጻፉ የላቲን ፊደሎች ያለ እሱ በየመጋጠሚያቸው ይቆረጣሉ። ሲልዌት ስቱዲዮ ላይ ነጻው ቤዚክ እትም ለዲኤክስኤፍ ይሆናል፤ ከውጭ ለመጣ ኤስቪጂ የሚከፈልበት ዲዛይነር ኤዲሽን ያስፈልጋል። ይህን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሚነግራችሁ መምህር ስንቱ ነው?

ልብስ ላይ በካውያ የሚለጠፈው ቪኒል የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ማቱ ዞሮ ይቀመጣል፣ ዲዛይኑም በሚረር ይገለበጣል። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ በትክክል እየተነበበ ከሆነ አልተገለበጠምና ቁሙ ይላሉ።

ምላጩንም ቢሆን አይንቁትም፤ ተራው ሲደርስ ነው እንጂ። መጀመሪያ 2 ሴንቲሜትር ካሬ፣ ውስጡ ሦስት ማዕዘን፣ በቁራጭ ቪኒል ላይ ያስቆርጣሉ። ቪኒሉ በንጹሕ ተነሥቶ ከሥሩ ያለው ወረቀት ጭረት ብቻ ካለበት ልኩ ነው። ወረቀቱም ከተቆረጠ ኃይሉ ወይም ጥልቀቱ በዝቷል። የሦስት ማዕዘኑ ጫፎች ከደነበዙ ኦፍሴቱ አንሷል፣ ጆሮ ካበቀሉ በዝቷል። የምላጩ ጫፍ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚጎተት ሶፍትዌሩ ያንን ርቀት፣ ማለትም ኦፍሴቱን፣ ማወቅ አለበት፤ ለተለመደው 45 ዲግሪ ምላጭ 0.25 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ይህን ፈተና ያለፈ ምላጭ ፋይላችሁ ላይ ቢያበላሽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ሂዱና ተማሩ። የተሻለ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱ፣ ምላጭ በደርዘን ከማዘዛችሁ በፊት ሂዱ። ስትሄዱ ላፕቶፓችሁን ከነቻርጀሩ፣ የምትቆርጡበትን ዓይነት ቁራጭ ቪኒል ወይም ወረቀት፣ በጣም ያስቸገራችሁንም ፋይል ከነመነሻ ፎቶው ያዙ። ፎቶውን አትተዉት፤ ትሬሱ ከምን እንደተነሣ ሳያዩ ፋይሉን አይነኩም። ማሽኑን ቤት ተዉት፣ ሲያስፈልግ ራሳቸው አምጡት ይላሉ።