ከዱባይ አዲስ አበባ፦ የአንድ ሌሊት በረራ አስተናጋጆችና ያስቸገሯቸው መንገደኞች

በጥር ወር ለእህቴ ሠርግ ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ የተጓዝሁት ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚነሣ በረራ ነበር። ስለ ወንበሩና ስለ ምግቡ ጥቂት እላለሁ፤ ዋናው ጉዳዬ ግን በዚያች ሌሊት አራት የበረራ አስተናጋጆች ሥርዓት የጎደላቸውን መንገደኞች እንዴት እንደያዙ ያየሁትን መመስከር ነው። ዱባይ ውስጥ በሆቴል መስተንግዶ ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁ፣ በተቆጣ እንግዳ ፊት ቆሞ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ምን ያህል አቅም እንደሚጠይቅ አውቀዋለሁ። እኔ ሲከፋኝ ወደ ጓዳ ገብቼ ፊቴን ታጥቤ፣ አለቃዬን ጠርቼ፣ ካስፈለገም ጥበቃ አስመጥቼ እመለሳለሁ፤ እነሱ ግን ከሰደባቸው ሰው ጋር በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ አራት ሰዓት ይውላሉ። የአየር መንገዱን ስም የማልጠቅሰው፣ የማነሣውን ጉድለት በዚህ መስመር በተሳፈርሁባቸው በሌሎችም ዘንድ ስላየሁት ነው።

አውሮፕላኑ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ወንበር የተደረደረበት፣ በመካከሉ አንድ መተላለፊያ ብቻ ያለው ነው። ወንበሩ ለዚህ ርቀት ይበቃል፤ የቀረበው ሩዝ በዶሮ ትኩስ ነበር፤ መጸዳጃ ቤቱም እስከ መጨረሻው በንጽሕና ተይዟል። ከተባለው ሰዓት 40 ደቂቃ ዘግይተን ተነሥተናል፤ ያዘገየንም የእጅ ሻንጣ ነው።

ይህን መስመር የሚያውቅ ሰው የሻንጣውን ነገር ብዙ ሳላብራራ ይረዳኛል። ከድራጎን ማርትና ከዴራ ሱቆች ዕቃ የሸመቱ ነጋዴዎች፣ ለዓመታት በሰው ቤት ሠርተው ለቤተሰባቸው ስጦታ ይዘው የሚመለሱ እህቶቻችን፣ እንደ እኔ ለሠርግና ለበዓል የሚገቡ ሠራተኞች፣ ሁላችንም በእጃችን ብዙ እንይዛለን። ትኬቴ ላይ የተጻፈው አንድ የእጅ ሻንጣ፣ ክብደቱም 7 ኪሎ የሚል ነበር። ከፊቴ የተሰለፈው ሰው ግን ሁለት ሻንጣ፣ አንድ በፕላስተር የታሸገ ካርቶንና ከዱቲ ፍሪ የገዛውን ከረጢት ይዞ በመሳፈሪያው በር ሲያልፍ የመዘነበትም የጠየቀውም አልነበረም። በሩ ላይ ያልተነገረው «አይቻልም» አውሮፕላኑ ውስጥ ለአንዲት ወጣት አስተናጋጅ ተረፈ። ካርቶኑ በየትኛውም የሻንጣ ማስቀመጫ አልገባ ሲል፣ ሰውየው የጮኸባት እሷ ላይ ነው።

አራት መሆናቸውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ አገሮች ደንብ ለ50 የመንገደኛ መቀመጫ ቢያንስ አንድ አስተናጋጅ ይመደባል፤ ይህም ቁጥር የተወሰነው አደጋ ቢደርስ ሰውን ለማስወጣት ታስቦ እንጂ ለምግብ ዕደላ አይደለም። አዲስ የመንገደኛ አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘውም ከበሮቹ ግማሹ ተዘግተው ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ ለዚህ የሠለጠኑ አራት ሰዎች የዚያን ሌሊት የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የጨረሱት ካርቶን በማገላበጥና ስድብ በመስማት ነው።

በእኔ ረድፍ፣ መስኮቱ ዘንድ፣ አንዲት ወጣት ቀድማ ተቀምጣ አገኘኋት። ፓስፖርቷንና ቦርዲንግ ፓሷን በላስቲክ ጠቅልላ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች። የወንበሩ ባለቤት መጥቶ «ተነሺ፣ የኔ ቦታ ነው» ሲላት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግባት ደግሞ ይበልጥ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ከኋላ የቆመው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ፤ «ማንን ነው የሚያሳፍሩት?» ያለም ሰው ነበር። አስተናጋጇ መጣችና አስቀድማ ሰውየውን «አንድ ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ» ብላ ወደ ጎን አስገባችው፤ ሰልፉም ማለፍ ጀመረ። ከዚያ በርከክ አለችና «የኔ እህት፣ ወረቀትሽን እንየው?» አለቻት። ልጅቷ ላስቲኩን ለመፍታት እጇ እየተንቀጠቀጠ ጊዜ ወሰደባት፤ አስተናጋጇም ያ ሁሉ ሰው እያያት ወረቀቱን ሳትነጥቅ፣ «ፍጠኚ» ሳትል፣ ልጅቷ ራሷ ፈትታ እስክትሰጣት ጠበቀች። «ይኸው፣ ረድፉን አልተሳሳትሽም፤ ልዩነቱ ፊደሉ ላይ ብቻ ነው፣ ያንቺ ይቺ የዳሯ ናት» ስትላት ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ይህን ጊዜ ያ ሲጮህ የነበረው ሰው «ግድ የለም፣ እዚያው ትቀመጥ፣ እኔ ዳሩን እወስዳለሁ» አለ። አስተናጋጇ አመስግናው፣ ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰርና እንደሚፈታ ለልጅቷ ሁለት ጊዜ አሳይታት ሄደች።

ያቺ ልጅ ሥርዓት የጎደላት ሰው አልነበረችም፤ ማንም ያላሳያትን ነገር ነው ያላወቀችው። የጥሪ ቁልፉን የመብራት ማብሪያ መስሏቸው ደጋግመው የሚጫኑ እናቶችም፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር አልከፈት ብሏቸው የሚደበድቡ አባቶችም እንዲሁ ናቸው። በእኔ ሙያ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ያላወቀውን እንደ ባለጌ ቆጥሮ ያመናጭቀዋል፣ እያወቀ የሚንቀውን ግን ልብሱንና ሰዓቱን አይቶ ይለማመጠዋል። እነዚህ አራት ሰዎች ሁለቱን አላምታቱም፤ ከሁሉ በላይ ያመሰገንኋቸውም በዚህ ነው።

የደኅንነት መመሪያው ሲሰጥ ግማሹ መንገደኛ ገና በስልክ ያወራ ነበር። የሕይወት አድን ጃኬቱን እያሳየች ያለችውን አስተናጋጅ አሻግሮ የሚነጋገር ሰው ሳይ ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ እኛ ኢትዮጵያውያን በተለይ ይህን ችላ ልንል የማይገባን ሰዎች ነን። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞተዋል። ከእነሱም መካከል ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ በመንፋታቸው ውኃው ወደ ጣሪያው ገፍቶ መውጫ ያሳጣቸው ነበሩ። «ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ ጃኬቱን አይንፉት» የምትለውን አንዲት ዐረፍተ ነገር መንገደኛው እንዲሰማት ስልኩን ዝጋ ማለት እንደ ክፋት ሊቆጠር አይገባም።

ከበረራው ሁሉ ያልረሳሁት ከእኔ ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት፣ በመተላለፊያው ዳር የተቀመጠው መንገደኛ ነው። ዕድሜው ወደ አምሳ የሚጠጋ፣ ደህና የለበሰ፣ እንደ አነጋገሩም ብዙ የተጓዘ ሰው ነው። አስተናጋጇን የሚጠራት ጣቱን እያጮኸ «አንቺ! ነይ እስቲ!» እያለ ነበር። በቋንቋችን አክብሮትም ንቀትም በግሡ ላይ ስለሚታወቅ፣ በሌላ ቋንቋ ተራ ጥሪ የሚመስለው ነገር በአማርኛ ስድብ ይሆናል፤ ከሌላ አገር የመጣው ባልደረባዋ ያልሰማውን እሷ በየጥሪው ትሰማው ነበር። እሷ በበኩሏ «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» ከማለት፣ እሱንም «እርስዎ» ከማለት አንድም ጊዜ አልወረደችም። በሦስተኛው ጥሪ ወደ ኋላ ስታልፍ ጎኗን በሁለት ጣቱ ወጋት። ቆመች፤ አንድ እርምጃ ራቅ አለችና «እጅዎን ይሰብስቡልኝ፤ በቃል ከጠሩኝ እመጣለሁ» አለችው። ድምፅዋ አልተለወጠም፣ ነገር ግን በዙሪያው ያለነው ሁሉ ሰምተናል።

ትንሽ ቆይቶ ከዱቲ ፍሪ የገዛውን ውስኪ ከፍቶ ለጎረቤቱም መቅዳት ጀመረ። መንገደኛ ይዞት የገባውን መጠጥ በበረራ ላይ መጠጣት አየር መንገዶች በአብዛኛው ይከለክላሉ፤ ምክንያቱም የሚቀዳውን መጠን የሚቆጣጠረው አስተናጋጅ ካልሆነ ማን ምን ያህል እንደጠጣ የሚያውቅ አይኖርም። አስተናጋጇ ይህን ስታስረዳው «በገንዘቤ ነው የገዛሁት፤ አንቺ ማነሽ?» አላት። አልተከራከረችውም፤ «እሺ፣ ኃላፊዬን እጠራለሁ» ብላ ሄደች። በመስተንግዶ ቤት ብዙ ጠብ የሚባባሰው አስተናጋጁ የመጨረሻዋን ቃል ራሱ ለመናገር ሲል እንደሆነ ስለማውቅ፣ ያን ጊዜ መሄዷን እንደ ትልቅ ችሎታ አየሁት።

የመጣችው የአስተናጋጆቹ አለቃ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ነበረች። ቆማ ከላይ ወደ ታች ብታናግረው ሰው ሁሉ ይሰማት ነበር፤ እሷ ግን ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ፊቷን ከፊቱ ጋር አስተካከለች። እኔ ቅርብ ስለነበርሁ እንጂ የምትለው ከረድፉ አልፎ አልሄደም። «ጠርሙሱን ስምዎን ጽፌበት እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ ሲወርዱ ከእጄ ይቀበሉኛል። መጠጣትዎን ከቀጠሉ ግን ለካፒቴኑ መንገር ግዴታዬ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ በእኔ እጅ አይሆንም» አለችው። ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች፤ ዝምታውም ረዘም ያለ ነበር። ሰውየው ክዳኑን አጥብቆ ጠርሙሱን ሰጣት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወጣቷ አስተናጋጅ ወደዚያ ረድፍ አልተመለሰችም፤ ወንዱ ባልደረባዋ ተረክቦት ውኃና ሻይ ያመጣለት ነበር።

አለቃዋ የካፒቴኑን ስም ማንሣቷ ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1963 ቶኪዮ ላይ የተፈረመው ስምምነት አዛዡ የበረራውን ደኅንነትና ሥርዓት የሚያውክ መንገደኛን እንዲያስር፣ እንዲያወርድና ለባለሥልጣን እንዲያስረክብ ሥልጣን ይሰጠዋል። ይኸው የቶኪዮ ስምምነት የክስ ሥልጣንን በዋናነት አውሮፕላኑ ለተመዘገበበት አገር የሰጠ በመሆኑ፣ ብዙ ረባሽ ከአውሮፕላን ወርዶ በነፃ ይሄድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሞንትሪያል ላይ የጸደቀውና በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ አውሮፕላኑ ለሚያርፍበት አገርም ሥልጣን ጨመረ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የመንገደኛን ረብሻ በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፤ ከቃል ብልግናና መመሪያን ካለመስማት ይነሣና ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ሰብሮ እስከ መግባት ይደርሳል። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ባወጣው መረጃ መሠረትም እ.ኤ.አ. በ2022 በየ568 በረራ፣ በ2023 ደግሞ በየ480 በረራ አንድ ረብሻ ሪፖርት ተደርጓል። ጣት ማጮኹ፣ «አንቺ» ማለቱ፣ ጎን መውጋቱ በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ እንደሚገባ እጠራጠራለሁ። አስተናጋጆቹን በየቀኑ የሚያደክማቸው ግን ይኸው ማንም የማይመዘግበው ነው።

ወደ መጸዳጃ ቤት ስሄድ ያቺን ወጣት ኋላ ያለው ኩሽና ውስጥ አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ በወረቀት ኩባያ ውኃ ትጠጣለች፤ በሌላው እጇ የአንገት ሻርቧን ቋጠሮ ታስተካክላለች። ኮቴዬን ስትሰማ ዞር አለችና ወዲያው ፈገግ ብላ «ይቅርታ፣ ምን ልርዳዎት?» አለችኝ። «ምንም፤ በርቱ፣ ጥሩ አድርጋችሁ ይዛችሁታል» አልኋት። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ለምደነዋል» አለች። እኔም በሥራዬ ይህችኑ ቃል ስል ኖሬያለሁና እስከ አዲስ አበባ ድረስ ከጆሮዬ አልጠፋችም። አንዲት ሴት በሥራ ቦታዋ በጣት መወጋትን እንድትለምድ የሚያስገድዳት ምንም ዓይነት የመስተንግዶ ደንብ ሊኖር አይገባም።

ቦሌ ላይ ጎማው መሬት ከነካ ብዙም ሳይቆይ፣ አውሮፕላኑ ገና በፍጥነት እየተንከባለለ፣ አሥር የሚሆን ሰው ተነሥቶ የሻንጣ ማስቀመጫ መክፈት ጀመረ። እስካሁን በለሆሳስ ስትናገር የነበረችው ያቺው አስተናጋጅ ከመቀመጫዋ ሆና «ተቀመጡ! ሁላችሁም ተቀመጡ!» ስትል ድምፅዋ ከአውሮፕላኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ፤ ሰዉም ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2016 ዱባይ ላይ አንድ አውሮፕላን ተከስክሶ በጭስ ሲሞላ መንገደኞች ሻንጣ ሲያወርዱ የሚያሳየውን ቪዲዮ ብዙዎቻችን አይተነዋል፤ የተሳፈሩት 300 ሰዎች ሁሉ በሕይወት ቢወጡም እሳቱን ሊያጠፋ የመጣ አንድ ሠራተኛ ሞቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ደግሞ ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ በእሳት ከተያያዘው አውሮፕላን 379ኙም ሰዎች የወጡት የአስተናጋጆቹን ትእዛዝ ሰምተው፣ ሻንጣቸውንም ትተው ነው።

ለአስተናጋጆቹ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ። ለአየር መንገዱ ግን ከሁለት በላይ ለመስጠት ኅሊናዬ አይፈቅድም። የእጅ ሻንጣ መሳፈሪያው በር ላይ ሊመዘን ይገባል፤ ተርፎ የተገኘውም እዚያው ወደ ጭነት ክፍል ቢወርድ የአስተናጋጆቹ ግማሽ ጣጣ ያልቃል። የግል መጠጥ ክልክል መሆኑም በአማርኛ፣ ሰው ጠርሙስ ከመክፈቱ በፊት መነገር ነበረበት፤ በእኛ በረራ የተነገረው ከጠቡ በኋላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዙትንም መሳፈሪያው በር ላይ የወንበራቸውን ቁጥርና ፊደል የሚያሳያቸው አንድ ሰው ቢቆም ምንም ያህል ወጪ አይጠይቅም።

ከሁለት ቀን በኋላ የአስተያየት መጠይቅ በኢሜይል ደረሰኝ። ስለ ምግቡ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ፊልሞቹ ብዛት ይጠይቃል፤ ስለ አስተናጋጆቹ ያለው አንድ ጥያቄ «ፈገግታ አሳይተዋል?» የሚል ነው። በመጨረሻው ባዶ ሳጥን ውስጥ የበረራውን ቀን፣ የረድፌን ቁጥርና ያየሁትን ሁሉ ጻፍሁ፤ የወጣቷን ስም ስላልያዝሁ «ሻርቧን ኩሽና ውስጥ ስታስተካክል ያገኘኋት» ብዬ ገለጽኋት፤ ምስጋናው ለእሷና ለአለቃዋ በጽሑፍ እንዲደርስም ጠየቅሁ። እስካሁን መልስ አልመጣልኝም።