የጀማሪዎች የክሪኬት መጫወቻ፦ ዕቃው ጥሩ፣ መመሪያው ደካማ

ወንድሜ ከዱባይ ለልጆቻችን የላከው የክሪኬት መጫወቻ ሁለት የፕላስቲክ መምቻዎች፣ አንድ ለስላሳ ኳስ፣ ሦስት ሦስት ዘንግ ያላቸው ሁለት ዊኬቶችና አንድ የታጠፈ የመመሪያ ወረቀት የያዘ ሲሆን፣ ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር በጣና ዳርቻ ሣር ላይ ለአራት ቅዳሜዎች ከተጫወትንበት በኋላ ነው።

መምቻው ቀላል በመሆኑ የሰባት ዓመት ልጅ አይከብደውም፤ የእጀታው ጎማ ግን በሦስተኛው ሳምንት መላቀቅ ጀምሯል። ዋናው የክሪኬት ኳስ በቆዳ የተለበጠ ጠንካራ ነገር ስለሆነ፣ ለልጆች ለስላሳ ኳስ መመረጡ ተገቢ ነው።

ቅሬታዬ በመመሪያው ላይ ነው። ወረቀቱ የሚጀምረው ኳስ የመቺውን እግር ስትመታ ስለሚሰጥ ፍርድ ሲሆን፣ ይህ ለዓመታት ጨዋታውን የተከታተሉትንም የሚያጨቃጭቅ ሕግ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቆመው ይመለከቱን የነበሩ አንድ አባት «ጎሉ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ በገና ጨዋታ ያደገ ሰው ዱላና ኳስ ሲያይ የሚታየው ሩሯን ወደ ባላጋራው ወገን መንዳት ነው። ክሪኬት ግን ጎል የለውም። ወርዋሪው ከመቺው ኋላ የተተከሉትን ሦስት ዘንጎች ለመምታት ይወረውራል፣ መቺው ደግሞ ይከላከላል፤ መመሪያው መነሳት የነበረበት ከዚህ ነው።

በሙሉ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች ሲኖሩት፣ ሁለት መቺዎች 20 ሜትር ያህል ተራርቀው በተተከሉት ዊኬቶች አጠገብ ይቆማሉ። ኳሷ ከተመታች በኋላ ሮጠው ቦታ ከተለዋወጡ አንድ ነጥብ ያገኛሉ፤ መሮጥ ግን ግዴታ አይደለም፣ ልጆቻችንን ለማስረዳት ከሁሉ ያስቸገረንም ይኸው ነበር። ኳሷ መሬት ነክታ ወሰኑን ካለፈች 4፣ መሬት ሳትነካ ካለፈች 6 ነጥብ ይቆጠራል። የእኛ የመጀመሪያው 6 ሐይቁ ውስጥ ገብቶ፣ በደንገል ታንኳ የሚያልፍ ሰው በመቅዘፊያው እየገፋ መልሶልናል።

ዊኬቱ በኳስ ከተመታ፣ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች፣ ወይም እየሮጠ ሳለ ዊኬቱ ቀድሞ ከተመታበት መቺው ይወጣል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል፤ አሥር መቺዎች ከወጡ ወይም የተወሰነው ኦቨር ካለቀ ተራው ይለወጣል። አጭሩ ዓለም አቀፍ ውድድር ለአንድ ቡድን 20 ኦቨር ሲሰጥ፣ ረጅሙ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል። ይህን ለእኚያው አባት ስነግራቸው «እንዲህማ ከሆነ ሠርግ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም» አሉኝ።

ሌላው ጉድለት በዘንጎቹ አናት ላይ የሚቀመጡት ሁለት ትናንሽ እንጨት መሰል ፕላስቲኮች ናቸው። መውደቃቸው የዊኬቱ መመታት ምልክት ቢሆንም፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ማንም ሳይነካቸው ይጥላቸዋል፤ በዚህም ምክንያት ሁለት ጊዜ ተኮራርፈናል። ነፋስ ሲበረታ ዳኞች እነርሱን አንሥተው ማጫወት እንደሚችሉ የጨዋታው ሕግ ቢፈቅድም፣ ወረቀቱ አንድም ቃል አላለም። ማቆሚያዎቹም ባዶ ስለሆኑ አሸዋ ሞልተንባቸው ነው የረጉት።

ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ። ገዝታችሁ ለልጆች ከመስጠታችሁ በፊት ደንቡን በግማሽ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ በካርቶኑ ክዳን ላይ ለጥፉት፤ እኔ ያደረግሁት እንዲሁ ነው፣ የፋብሪካው ወረቀትም ከዚያ ወዲህ አልተገለጠም።