የሴቶች ትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፦ ከወላጅ የቀረበ አስተያየት

ልጄ በምትማርበት በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው የሴቶች ትምህርት ቤት፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚያዘጋጁት ሚኒ ሚዲያ ከተከፈለው ገንዘብ አንጻር እጅግ የሚያረካ አገልግሎት ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ የሚነበበው የትምህርት ቤቱ ዜና አጭርና ጥርት ያለ ሲሆን፣ በተለይ ስለ ከተማዋ አመሠራረት ባቀረቡት ዝግጅት፣ ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ መድረሱንና ተራራውን ላለመውጣት ሲባል ሐረርን ትቶ በቆላው በኩል መዘርጋቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ማስረዳታቸው (በእኛ ዘመን ማይክራፎኑ ከርእሰ መምህሩ እጅ አይወጣም ነበር) ምስጋና ይገባዋል። የግድግዳ ጋዜጣው ግን ቶሎ ቶሎ አይቀየርም። የመረብ ኳስ ልምምዱም የቀትሩ ሐሩር ሳይበረታ፣ በማለዳ ቢሆን ለልጆቹ በተሻለ ነበር።