"ቆይ ላሽግልህ" የሚል የሙዚቃ ሸክላ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ!

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ የሸክላ ወዳጆች፣ ይሄን አንብቡልኝ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ አፌ ቢያመልጠኝ ይቅርታ።

ሰውዬውን ባታውቁት እንኳ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ፂሙ የሸበተ፣ መነጽሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ አንድ ሸክላ ስታነሱ ታሪኩን ከሥሩ የሚዘረግፍላችሁ። እኔ ያነሳሁት የሮክ ባንዱን የዘ ዶርስን "ኤል ኤ ውመን" ነው፤ በ1971 የወጣውን የመጀመሪያውን እትም (ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። የሽፋኑ ጥጎች ክብ ናቸው። መሃሉ ተቆርጦ መስኮት ወጥቶለታል፤ የአራቱ የባንዱ ልጆች ፎቶ መስኮቱ ላይ በተለጠፈ ስስ ላስቲክ ታትሟል። ከኋላ ያለው የሸክላው ቢጫ ከረጢት በላስቲኩ በኩል ይታያል። ብርሃን ላይ ከፍ አድርጌ ሳየው ልቤ ጠፋ።

እሱ ይተርካል። ፕሮዲውሰራቸው ፖል ሮትቻይልድ ሙዚቃውን ጠልቶ ጥሏቸው ሄደ። እነሱም ሳንታ ሞኒካ ቡሌቫርድ ላይ በነበረው ቢሯቸው ከድምፅ መሐንዲሳቸው ከብሩስ ቦትኒክ ጋር ራሳቸው ቀዱት። ዘፋኙ ጂም ሞሪሰን መታጠቢያ ቤት ገብቶ ዘፈነ። አልበሙ ከወጣ ሦስት ወር ሳይሞላ ፓሪስ ላይ ሞተ፣ በ27 ዓመቱ። ወሬው ሁሉ ልክ ነው፤ ይበልጥ የሚያበግነኝም እሱ ነው።

90 ዶላር በካሽ ቆጠርኩለት። "ቆይ፣ ጥጉ እንዳይጎዳ ላሽግልህ" ብሎ ሸክላውን ከእጄ ወሰደ። ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ፕላስተር ሲቀደድ ይሰማኛል። በካርቶን ጠፍንጎ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አስሮ ወጣ። "መኪና ውስጥ እንዳትተወው፣ ፀሐይ ያጣምመዋል። ቤትህ ስትደርስ ክፈተው" አለኝ። እንደ አባት!

ቤት ገብቼ በቢላ ቀደድኩት። ጥጉ ሹል፣ መስኮት የለ፣ ላስቲክ የለ። ፎቶው ተራ ወረቀት ላይ ታትሟል። ስገለብጠው ባርኮድ! በ1971 ሸክላ ላይ ምን ባርኮድ አለ?

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ረዳቱ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል "ዘፈኑ ያው አይደል?" አለኝ። ሽማግሌው መነጽሩን አጠለቀና "የሸጥኩልህ ይሄንን ነው" አለ፣ ፊቱ ሳይለወጥ። ዞር ስል የኔው ሸክላ መስታወቱ ውስጥ ተመልሶ ቆሟል! የድሮ ባለቤቱ ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፈው ፊደል እንኳ እንዳለ ነው። በጣቴ አሳየሁት። "ብዙ ሰው እስክሪብቶ አለው" ብሎኝ እርፍ።

ይባስ ብሎ ረዳቱ ከሳጥን ውስጥ "አዘር ቮይስስ"ን አውጥቶ "ካልተመቸህ በዚህ ልለውጥልህ" አለኝ። ሞሪሰን ከሞተ በኋላ ሦስቱ ብቻቸውን ያወጡትን! ለየትኛው ፋራ ነው ይሄ? ከዚያ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። "አገርህ ውስጥ ሮክ ይሰማል እንዴ?" አለኝ ደግሞ ሽማግሌው።

ለማንኛውም፣ በካርድ ክፈሉ፤ በካሽ ስለከፈልኩ ባንኬም ሊረዳኝ አልቻለም። ሸክላውን አውጡና መሃሉ ላይ የአሳታሚው የኤሌክትራ የቢራቢሮ ምልክት መኖሩን እዩ። ማሸግ ካስፈለገም ካርቶኑን ተቀብላችሁ ራሳችሁ እሸጉት።