ባለ 5 ሊትር የኦክስጅን ማሽን ደብረ ማርቆስ ላይ፦ ከአይሲዩ ለወጣች እናት

መጀመሪያ ፍርዴን ልንገራችሁ። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለበት፣ የደሙ ኦክስጅን ማነሱም በምርመራ የተረጋገጠ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ይህ ማሽን ይገዛ። ተበድራችሁም ቢሆን ይገዛ። ኦክስጅኑ ካላነሰ ግን ገንዘባችሁን ለመድኃኒት አስቀምጡ። ከዚያ ውጭ ሻጮች የማይነግሯችሁ ብዙ ነገር አለ፤ በተለይ ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች።

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ማርቆስ ውስጥ የቤት መስመር እዘረጋለሁ፣ ምጣድ እጠግናለሁ። ስለዚህ ማሽኑን ያየሁት በሙያዬ ነው፤ ደግሞም እናቱን እንደሚያስታምም ልጅ። የማሽኑንም ስም፣ የሸጠልንንም ድርጅት አልጠራም። የምጽፈው ለአብዛኛው ባለ 5 ሊትር ማሽን፣ ማለትም በደቂቃ እስከ 5 ሊትር ኦክስጅን ለሚያወጣው፣ ይሆናል።

እናቴ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። የጎዳት የማጀት ጭስ ነው። አረቄ አውጥታ፣ ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ ነው ያሳደገችን። መስኮት በሌለው ማጀት፣ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል። ሐኪሞቹ በሽታዋን ሲኦፒዲ ይሉታል። የአየር ቱቦዎች ይጠባሉ፣ የተጎዳው የሳንባ ክፍል ወደነበረበት አይመለስም፣ በሕክምና ግን ይያዛል። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ያዛትና ደረቷ ላይ ወረደ። ከንፈሯ ጠቆረ፣ ስናናግራት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላት ጀመር። ባሕር ዳር ወሰድናትና ጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ገባች። ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ሳይገባ፣ ፊት ላይ በሚታሰር ማስክ አየር እየተገፋላት ተረፈች።

ስትወጣ ዘመድ ሁሉ እልል አለ። ዶክተሯ ግን እኔንና እህቴን ለብቻ ጠርታ፣ "እማማ ከአይሲዩ ወጥተዋል፤ ከአደጋው ግን ገና አልወጡም። ከባዱ የሚቀጥሉት ወራት ናቸው" አለችን። በኋላ ሳነብ እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ይኸው በሽታ ብሶባቸው፣ ደማቸው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከማችቶ ሆስፒታል የገቡ 1,016 ሰዎችን የተከታተለ ነው። ሆስፒታል ውስጥ እያሉ የሞቱት 11 በመቶ ነበሩ። በ6 ወር 33 በመቶ ደረሰ። በዓመት 43፣ በ2 ዓመት 49። አብዛኞቹ የሞቱት እንግዲህ ከሆስፒታሉ ፍልሚያ በኋላ ነው። ቁጥሩ የአሜሪካ ነው፣ ያውም የቆየ። ቢሆንም ያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ኦክስጅን እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ1981 እንግሊዞች ያሳተሙት ጥናት ነው ያሳመነኝ። የደማቸው ኦክስጅን በጣም ያነሰ 87 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ቤታቸው ሆነው በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን ወሰዱ፣ ግማሾቹ አልወሰዱም። በ5 ዓመት ውስጥ ካልወሰዱት 45 ሰዎች 30 ሞቱ። ከወሰዱት 42 ደግሞ 19። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ሌሊት ብቻ ከሚወስደው ይልቅ ቀንም ሌሊትም የሚወስደው በተሻለ እንደሚኖር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው፦ ኦክስጅኑ በመጠኑ ብቻ ለወረደ ሰው ማሽኑ ዕድሜ አይጨምርም።

ስለዚህ ከሱቅ በፊት ምርመራ ይቅደም። ሐኪሞች የሚይዙት መስመር፣ ሰውየው ተረጋግቶ፣ ዐርፎ ተቀምጦ ጣት ላይ የሚለካው የደሙ ኦክስጅን 88 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። የእናቴ 84 ነበር። ደግሞ ከአይሲዩ በወጡበት ሰሞን የተለካ ዘላለማዊ አይደለም። ከ2 እና 3 ወር በኋላ እንደገና ይለካል፤ አገግሞ ማሽኑን የሚተውም አለ። ለዚህ ነው አቅም ለሚያጥረው ሰው መጀመሪያ ላይ መከራየት ወይም መዋስ የተሻለ ነው የምለው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ጎረቤት የሚጠይቀኝ "ማን ነው የሚሞላላችሁ?" እያለ ነው። አይሞላም። የክፍሉን አየር ይስባል። አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ኦክስጅን ነው። ውስጡ ያሉት ዚዮላይት የሚባሉ ጥራጥሬዎች እንደ ወንፊት ናይትሮጅኑን ያስቀሩና ከ90 በመቶ በላይ የጠራ ኦክስጅን በቱቦው ይወጣል። መብራት እስካለ ድረስ አያልቅም።

የኛን አገር ሰው የሚሸውደው ከፍታው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ማርቆስ 2,400ን ታልፋለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ባሕር ዳር ላይ የበቃው መጠን ማርቆስ ላይ ላይበቃ ይችላል። እናቴ እዚያ በደቂቃ 1 ሊትር በቅቷት ነበር። ቤት እንደገባች ቁጥሯ ወረደና፣ እዚህ ያለው ሐኪም ለክቶ 2 ሊትር አደረገላት። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ራሱ ከፍታ ይከብደዋል። መጀመሪያ ያሳዩን ማሽን መመሪያው ላይ "እስከ 2,286 ሜትር" ይላል። ሻጩ "ችግር የለውም፣ አዲስ አበባም ይሸጣል" አለኝ። ችግር አለው። ከተባለው ከፍታ በላይ ለኦክስጅኑ ጥራት ማንም ዋስ አልሆነላችሁም። ትተን ሌላ ፈለግን፤ እስከ 3,048 ሜትር የሚል አገኘን። ጮቄ ተራራ ሥር ላላችሁ ይህም ላይበቃ ይችላል። መመሪያውን አስወጥታችሁ ሜትሩን በዓይናችሁ አንብቡ፣ የሻጭ ቃል አትመኑ።

መብራቱ ደግሞ የኔ ጉዳይ ነው። ማሽኑ 350 ዋት ገደማ ይወስዳል። በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር ወደ 168። ቢሉ ይጨምራል፣ ተዘጋጁበት። የሚጎዳው ግን ፍጆታው ሳይሆን የመብራቱ መዋዠቅ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል። ጠዋት መንደሩ ሁሉ ምጣድ ሲያሞቅ 220 የነበረው ቮልቴጅ ሲወርድ መለኪያዬ ላይ አየዋለሁ። ያኔ ማሽኑ መጮህ ይጀምራል። ለማሽኑ ከቆጣሪው ሳጥን የራሱን መስመር አወጣሁለት፣ ከራሱ ብሬከርና ከምድር ሽቦ ጋር። መሐል ላይ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ጩኸቱ ቀርቷል። እባካችሁ በማራዘሚያ ገመድ፣ ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር በአንድ ሶኬት አትሰኩት።

መብራት ሲሄድስ? የኮምፒውተር ዩፒኤስ አትግዙ፣ ደቂቃዎች ነው የሚይዘው። ባለ 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር 3 ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ረጅም ለሚቆይ መጥፋት ሲሊንደር ነው መፍትሔው። ትልቁ፣ ባለ 40 ሊትሩ፣ በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በደቂቃ 2 ሊትር ብታወጡለት 50 ሰዓት ነው። እኛ አንድ አለን፤ ግድግዳው ላይ በሰንሰለት ታስሯል። ከወደቀና ቫልቩ ከተሰበረ ቤት ያፈርሳል።

እሳት! ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያንቀለቅለዋል። እናቴ ያለ ቡና፣ ያለ ዕጣን፣ ለጸሎት ያለ ጧፍ አትኖርም። አሁን ቡናው የሚፈላው በውጭ ቤት ነው፣ ሲኒው ብቻ ይመጣላታል። ጧፉን ደግሞ እህቴ ሌላ ክፍል ታበራላታለች። ማሽኑ ካለበት እስከ እሳት ቢያንስ 3 ሜትር እንጠብቃለን። ፀጉር የሚቀባ ቅቤም፣ አፍንጫ ሲደርቅ የሚቀባ ቫዝሊንም ቀርቷል፤ ቅባት ከኦክስጅን ጋር አይስማማም። ለአፍንጫዋ ውኃ ላይ የተሠራ ጄል ታዘዘላት። ስለ ቅቤው ተኳርፈን ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ቅቤ ያልተለየውን ራስ መከልከል ቀላል አይደለም።

ሌላው ፈተና ጠያቂው ነው። ግማሹ "ኦክስጅን የተሰካለት ሰው አይነሳም" ብሎ እያለቀሰ ይገባል። ግማሹ ደግሞ ስታቃስት ሲያይ "ጨምሩላት እንጂ!" ይላል። ሁለቱም አያውቁም። ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን የተሰካለት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው በሽታው ስለጠናበት ነው፤ ቱቦው አይደለም የገደለው። መጨመሩ ግን በእርግጥ ይጎዳል። እንደ እናቴ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠራቀምበት ሰው ኦክስጅን ሲበዛበት ያንቀላፋል፣ ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። የተሰጠን ልክ ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው። 97 ሲያሳይ ደስ አይበላችሁ። መጠኑን የምታዞረዋ ትንሽ ቁልፍ ላይ ፕላስተር ለጥፌባታለሁ፣ ማንም መጥቶ እንዳይነካካት።

ማሽኑ ላይ የወደድኩት ነገር የሰዓት ቆጣሪው ነው። ስንት ሰዓት እንደሠራ ይቆጥራል። እናቴን "ዛሬ አደረግሽው?" ስላት "አዎ ልጄ፣ ሙሉ ቀን" ትላለች። ቆጣሪው 9 ሰዓት ይላል። እንግዳ ሲመጣ ታወልቀዋለች፣ ታፍራለች። 10 ሜትር ቱቦ ገዝቼ በረንዳ ድረስ እንዲደርስ ካደረግኩት በኋላ ነው 15 ሰዓት የገባላት። በረንዳ ላይ ተቀምጣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ታወራለች። ቱቦውን አሁን ረስታዋለች።

ያልወደድኩት ድምፁ ነው። ሌሊት ያለማቋረጥ ያጉረመርማል፣ በየጥቂት ሰከንዱ ቱፍ ይላል። ከመኝታዋ ክፍል አውጥቼ ኮሪደር ላይ፣ ከግድግዳው ትንሽ አርቄ አስቀመጥኩት፤ አየር መሳብ አለበት። የስፖንጅ ፊልተሩ በየሳምንቱ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ ይገባል። የመጀመሪያውን ሳወጣው እንደ ከሰል ጠቁሯል። እህቴ ዝም ብላ አየችው። ያን ሳምንት ግቢያችን ውስጥ የእንጨት እሳት ቀረ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ሆነ። የውስጠኛው ፊልተር ግን ማርቆስ ላይ አይገኝም፤ ሲገዙ ሁለት ሦስት መጠባበቂያ አብሮ ያዙ። ኦክስጅኑን የሚያረጥበው ጠርሙስ ውኃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ይሁን፣ በየቀኑ ይቀየር።

ማሽኑ ብቻውን ሰው አያድንም፤ ይህንንም ሻጭ አይነግራችሁም። የሚነፋው መድኃኒት በስፔሰር (መድኃኒቱ ወደ ሳንባ እንዲደርስ በሚረዳው የፕላስቲክ ቱቦ) በትክክል ካልተወሰደ፣ ጭሱ ካልቀረ፣ ሕመምተኛው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ካልተራመደ፣ ተመልሶ አይሲዩ መግባቱ አይቀርም። እናቴ ከአልጋ ስትነሳ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ነበር፤ አይሲዩ ጡንቻ ይጨርሳል። አሁን እስከ ግቢው በር ደርሳ ትመለሳለች። እዚያ ሆስፒታል ያደረጉላት የማስክ ማሽን ለቤትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዳቸው ከፍ እንዳለ ለቀሩ ሰዎች ሌሊት ሌሊት ኦክስጅንና ማስኩ አንድ ላይ ሲሰጡ ተመልሶ መተኛትን ወይም ሞትን ከ1.4 ወር ወደ 4.3 ወር እንዳራቀ ያሳያል። እኛ ዘንድ አቅሙ የለም፤ ያለው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ያገለገለ ማሽን ልትገዙ ከሆነ የሰዓት ቆጣሪውን አንብቡ፣ ከዚያ ኦክስጅን መለኪያ ያለው የሆስፒታል ቴክኒሻን ፈልጋችሁ የሚወጣውን ጥራት አስለኩ። ከ82 በመቶ በታች ካሳየ ጥራጥሬው ደክሟል ማለት ነው፣ አትውሰዱት። መለኪያውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ፣ መጠኑን 5 ላይ አድርጋችሁ ነው የምትወስዱት፤ 1 ላይ ሁሉም ማሽን ደህና ይመስላል።