ራኩ ይቀየር ተብዬ ጎሚኒ ብቻ ቀይሬ ወጣሁ፦ የቄራው ትንሽ ጋራዥ

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በወር ሁለቴ እየነዳሁ እሄዳለሁ፤ መንገዱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮሮላዬን ስድስት ዓመት ስለያዝኳት ጠባይዋን አውቀዋለሁ። ዘንድሮ ግን ሸኖ አካባቢ፣ ሜዳው ላይ ነፋስ ሲነሳ፣ መሪው አልታዘዝ ይለኝ ጀመር። ትንሽ ወደ ግራ አዞራለሁ፤ ምንም የለም። ቆይታ ትሄዳለች፣ ያውም አብዝታ። ወዲያው ደግሞ ወደ ቀኝ እመልሳታለሁ። እናቴ ጋ ስደርስ ትከሻዬ ድንጋይ ሆኖ ነበር። የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ከእግሬ ሥር “ጓ፣ ጓ” ይላል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ታይሮድ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ) ቀየረልኝ። ድምፁ አልጠፋም። ተመልሼ ስሄድ “ራኩ ሄዷል፣ ሙሉው ይቀየር” አሉኝ። ራክ የሚሉት የመሪውን መዞር ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ክፍል ነው። ላገለገለ ራክ 38 ሺህ ብር ጠየቁኝ። ከመኪናዋ ሥር የገባ ሰው ግን አላየሁም። ያናደደኝ እሱ ነው። መሪ የሰው ሕይወት የተያዘበት ነገር ነው፤ እንዴት በግምት ይነገራል?

የሥራ ባልደረባዬ ቄራ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ጋራዥ ጠቆመችኝ። ባለቤቱ ስልሳን የተሻገሩ ሜካኒክ ናቸው። መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አስቆሟት። በክሪክ አላነሷትም። ለምን ስላቸው “ጎማው አየር ላይ ከሆነ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ራኩ ላይ ጫና ስለሌለ ችግሩ ይደበቃል” አሉኝ። ረዳታቸው ሞተሩን አስነስቶ መሪውን በትንሽ በትንሹ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ ጀመር። እሳቸው ባትሪ አበሩና “ነይ ልጄ፣ ውረጂና ራስሽ እይው” አሉኝ።

ወረድኩ። ራኩ በሁለት ማሰሪያ ብረት ታስሯል፤ በብረቱና በራኩ መሃል ጎሚኒ የሚባል ላስቲክ አለ። መሪው ሲዞር መንቀሳቀስ ያለበት ከውስጥ ወደ ጎማዎቹ የሚሄደው ዘንግ ብቻ ነው። የእኔ ላይ ግን የራኩ ቤትም፣ ውጪኛው አካሉ፣ አብሮ ግራ ቀኝ ይንሸራተታል። ሞተሩን አስጠፉና ረዳቱ መሪውን በእጁ ሲነቀንቅ ጣቴን መጋጠሚያው ላይ አስነኩኝ። ልክ እንደሚነቃነቅ የወተት ጥርስ ነው። ለካ መሪው የሚዘገይብኝ፣ ጎማው ከመዞሩ በፊት ራኩ ራሱ ስለሚሄድ ነው።

ጎሚኒው ሲወጣ አንዱ ጎን እንደታኘከ ማስቲካ ሆኗል። ጠረኑ የመሪ ዘይት ነው። ከላይ ካለው ቱቦ መጋጠሚያ ዘይት እየተንጠባጠበ ሲበላው ኖሯል። “ይሄ ሳይደርቅ አዲሱን ብንከት በዓመቱ ትመለሺያለሽ” ብለው መጀመሪያ ማፍሰሱን አስተካከሉ። ለዚህ ብቻ እንኳ አመሰግናቸዋለሁ።

ዕቃውን እኔው ነኝ የገዛሁት። አሮጌዎቹን በፌስታል ይዤ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። የእኔ መኪና ላይ ሁለቱ ጎሚኒዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ናሙና መያዝ ግድ ነው። የመጀመሪያውን ጥንድ ሳመጣላቸው አሮጌው አጠገብ አስቀምጠው አዩና “ይሄ ይሰፋል፣ መልሽው” አሉኝ። መለስኩት፤ ሻጩም ያለ ጭቅጭቅ ለወጠልኝ። ሁለተኛው ጥንድ 2,800 ብር ነበር። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጠንካራውም አለ። ዕድሜው ረጅም ነው፣ መሪውንም ያጠብቃል፤ ግን የመንገዱን ንዝረት ወደ እጅ ያመጣዋል። ከኮብልስቶን ጋር ስለምኖር ተራውን ላስቲክ መረጥኩ።

ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ቦታው ጠባብ ነው፣ እጅ በቅጡ አይገባም። ራኩን ግን ማውረድ አላስፈለገም። ጎሚኒው በአንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ስለሆነ ማሰሪያውን ፈትተው፣ ራኩን ትንሽ ከፍ አድርገው አስገቡት። እንዲንሸራተት የተጠቀሙት የሳሙና ውሃ ነው፤ ግሪስ ላስቲክ ይበላል ብለው። የእጅ ዋጋ 2,500 ብር ከፈልኩ።

የማይመቸኝንም ልናገር። ወረፋው ረጅም ነው። መቀመጫ የለም፤ ዝናብ ከመጣ መኪና ውስጥ ነው የሚጠበቀው። የአላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ማሽን ስለሌላቸው ሌላ ቦታ ሄጄ 800 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝም ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነው ያገኘሁት፤ ይሄ መስተካከል አለበት።

ባለፈው እሑድ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ሸኖ ላይ ነፋሱ እንደ ልማዱ ነበር። መሪውን ነካ ሳደርጋት ትሄዳለች፤ ስተዋት ቀጥ ትላለች። እናቴ ቡናውን አፍልታ ስትጠብቀኝ ትከሻዬን እንኳ አላሸሁም። 1,000 ኪሎ ሜትር ስትሞላ የማሰሪያዎቹን ቡሎን ጥብቀት በነፃ እንደሚያዩልኝ ነግረውኛል። ቅዳሜ ጠዋት እወስድላቸዋለሁ።